ሃያ ዓመት የቆመ ማሲ ፈርጉሰን 135፦ የተያዘ ሞተር እንዴት ይላቀቃል?

ከአሰላ ወጣ ብሎ ሦስት ሄክታር መሬት የሚያርሱ አንድ አንባቢ፣ ከአባታቸው የወረሱት የናፍጣ ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ዛፍ ሥር ለሃያ ዓመት ያህል ቆሞ መኖሩን፣ ሞተሩም በሞተሪኖ (በኤሌክትሪክ ማስነሻው) ሆነ በእጅ አልዞር ማለቱን ጽፈውልኛል። በጎረቤት ትራክተር በሰንሰለት ቢያስጎትቱት ይነሣ እንደሆነ፣ ከተነሣላቸውም አድሰውና ቀለም ቀብተው ከአባታቸው የዲስክ ማረሻ ጋር ለማቆየት እንደሚፈልጉ ይጠይቃሉ።

አያስጎትቱት። ትራክተር ሲጎተት የኋላ ጎማዎቹ በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) በኩል ኮሎውን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ የሚጠመዝዙበት ጉልበት፣ ሰው በቁልፍ ከሚያሳርፈው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ አንዱ ፒስተን በዝገት ከተያዘ የሚሸነፈው ዝገቱ ሳይሆን ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ነው። እኔ ራሴ ገና ረዳት ሳለሁ በዚሁ መንገድ አንድ ሞተር አበላሽቻለሁ። ሞተሩ በእርግጥ ዞረ፣ ተነሣም፤ ግን ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሠራ የታጠፈው ቢየላ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ። ባለቤቱ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን አዩና ወደ ቤታቸው ገቡ።

በቅድሚያ የተያዘው በእርግጥ ሞተሩ መሆኑን ያረጋግጡ። ሞተሪኖውን ፈትተው ያውጡት፤ ጥርሱ ከቮላኖው (በኮሎው ጫፍ ካለው ከባድ ጥርሳም ጎማ) ጥርስ ጋር ተነካክሶ ቀርቶ ሞተሩን ያሰረ ሊሆን ይችላል። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው በኮሎው ፊት ባለው ዳዶ ላይ ረጅም ቁልፍ ገጥመው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሞክሩት፤ የጣት ስፋት ያህል እንኳ ከተወዛወዘ ደግ ምልክት ነው። ከዚያ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን በዝግታ ያላሉት፤ ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ተቀምጦ ይቆይና ቀድሞ ይወጣል፤ ብዛቱም ምን ያህል ዝናብ እንደገባ ይነግርዎታል።

ዝናቡ የሚገባው ብዙ ጊዜ ሽቅብ ከቆመው የጭስ ማውጫ ነው። የዚህ ትራክተር ሞተር ፐርኪንስ ኤ.ዲ. 3.152 ሲሆን ስሙ ራሱ ይናገራል፦ 3 የሲሊንደሮቹ ቁጥር፣ 152 ደግሞ በኩቢክ ኢንች የተለካ መጠኑ ነው፤ ወደ 2.5 ሊትር ይጠጋል። ሞተሩ በቆመበት ቅጽበት የጭስ ቫልቮላው (ጭሱን የሚያስወጣው መዝጊያ) ተከፍቶ የቀረው ሲሊንደር ውኃውን ለብቻው ይጠጣል፤ ሁለቱ ግን ንጹሕ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ሥራዎ የታመመውን ሲሊንደር ፈልጎ ማግኘት ነው። ሦስቱን ኖዝሎች (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን) ሳይፈነቅሉ፣ ዙሪያቸውን በዘይት አርሰው ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ያውጧቸው፤ በቀዳዳው የእጅ ባትሪ አብርተው ሲያዩ የታመመው በቡናማ ቀለሙ ይለያል።

ቀጥሎ ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶንን እኩል ቀላቅለው፣ ሁለቱ ቶሎ ስለሚለያዩ ደኅና አድርገው በጥብጠው፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ያህል ያፍስሱ። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሲጋራና ብየዳ አጠገቡ አይድረሱ። ከዚያ ይተዉት። በየማታው ጥቂት ይጨምሩ፣ በየጠዋቱ ቁልፉን ይሞክሩ፤ አንድ ሳምንት ብዙ አይደለም፣ እኔ ወር የጠበቅሁበት ሞተር አለ። የቁልፉ እጀታ ከአንድ ሜትር አይርዘም፤ ቧንቧ እየቀጠሉ መጠምዘዝ ከማስጎተት አይለይም። ከመጠምዘዝዎ በፊት የላይኛውን ክዳን ከፍተው ሊዘጉ የሚገባቸው ቫልቮላዎች ሁሉ ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን ይዩ፤ ተከፍቶ የደረቀ ቫልቮላ ካለ ፒስተኑ ሲወጣ ይመታዋል።

በዚህ ካልተበገረ ቴስታታው፣ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚደፍነው ብረት፣ ይነሣ። ከፒስተኑ በላይ ያለውን የዝገት ቀለበት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጽድተው፣ የወይራ እንጨት ክብ አድርገው አስጠርበው ፒስተኑ ላይ ያስቀምጡና በመዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱት። የሲሊንደሩ ስፋት 91.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እንጨቱ ከ90 አይብለጥ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ጫፍ ላይ የደረሰ ፒስተን ቢመታ ኮሎውን አያዞርም፤ ምቱ በቀጥታ ብሮንዚናው (ኮሎው የሚሽከረከርበት ስስ ንጣፍ) ላይ ያርፋል። የኮሎው ሦስት ክርኖች በ120 ዲግሪ ስለተራራቁ ግን አንዱ ጫፍ ላይ ሲሆን ሁለቱ መንገድ ላይ ናቸው። የታመመው ጫፍ ላይ ከሆነ እርሱን ትተው መንገድ ላይ ካሉት ወደ ታች ሊወርድ የሚችለውን ይምቱ፤ ረዳትዎም በዚያው አቅጣጫ ቁልፉን ወጥሮ ይያዝ።

ሲላቀቅ ደስታው ያስቸኩላል። የሲሊንደሩን ግድግዳ በጥፍርዎ ይፈትሹ፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ካሚቻው (የሲሊንደሩ ውስጠኛ ቱቦ) መቀየር አለበት፤ በፕሬስ የሚገባ ስለሆነ ይህን ለሬክቲፊካ ቤት (ሞተር ለሚያድሱ ባለሙያዎች) ይተዉ። የናፍጣ ፖምፓውን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ውስጡ ደርቆ ከሆነ አይነካኩት፤ ለፖምፓ ባለሙያ ይውሰዱት። ታንከሩን አጥበው ፊልትሮዎቹን ይቀይሩ። ቀለሙ፣ ማለትም የቆርቆሮው ቀይና የሞተሩ ግራጫ፣ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ሞተሩ ክፍት ሳለ የሚነሣ የአሸዋና የዝገት ብናኝ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) በአንድ ቀን ይበላዋል። የፈቷቸውንም ቡሎኖች አይጣሉ፤ የክራቸው ልክ በኢንች ስለሆነ በገበያ ያለው የሚሊ ሜትር ቡሎን አይተካቸውም፤ በየከረጢቱ ለይተው የየት እንደሆኑ ይጻፉባቸው።

የመጀመሪያውን ማስነሣት ደጅ ላይ፣ አዲስ ዘይት ተሞልቶ ያድርጉት፤ ያፈሰሱት አሴቶን ወደ ታች ወርዶ አሮጌውን ዘይት አቅጥኖታልና። አንድ ሰው ወፍራም ጣውላ ይዞ በአየር ማስገቢያው አጠገብ ይቁም፤ ለዓመታት የቆመ ፖምፓ ተይዞ ሞተሩ ከልክ በላይ ቢፈጥን ቁልፍ አያጠፋውም፣ የሚያጠፋው አየሩን መዝጋት ነው። የዘይት ግፊት መለኪያው ወዲያው ካልተነሣ ያጥፉት። ከተነሣ፣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ አያስደንግጥዎ፤ የደረቀው ፋሻ እስኪፈታ ነው። ከአሥር ሰዓት ሥራ በኋላ ዘይቱን ደግመው ይቀይሩ። እስከዚያው ግን ዛሬውኑ፣ ሌላው ዝናብ ሳይመጣ፣ በጭስ ማውጫው አፍ ላይ ባዶ ጣሳ ይድፉበት።