ቡናውን አትተዪው፣ ሰዓቱን ቀይሪው
እህቴ፣ «ደም ማነስ አለብሽ ተባልኩ፣ ቡና ልተው ወይ?» ላልሽው፦ ጅማ ተቀምጦ ቡና መተው የማይሆን ነገር ነው፤ ደግሞም አያስፈልግም። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ሲጠጡ፣ ሰውነትሽ ከእንጀራውና ከምስሩ የሚያገኘውን አይረን፣ ማለትም ደም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ማዕድን፣ ይቀንሱብሻል። ከበላሽ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆዪ። እኛ ቤት የምሳው ትሪ ሳይነሳ ነው ጀበናው የሚቀርበው፤ እናቴን ለማሳመን ወር ፈጅቶብኛል! ምስር ወጡ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጊበት፣ ወይ ቲማቲም በቃሪያ ከጎኑ ብዪ፤ ቫይታሚን ሲው አይረኑ በደንብ እንዲገባ ያግዛል። ከ19 እስከ 50 ዓመት ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊግራም አይረን ያስፈልጋታል፣ ወንዱ 8 ይበቃዋል። ሐኪም የአይረን ኪኒን ካዘዘልሽ ግን በምግብ ብቻ እወጣዋለሁ ብለሽ እንዳትተዪው። በቡናም እንዳትውጪው።