ፒስተኑ ይቆይ

ከሐዋሳ የጻፈልኝ ወጣት 4ኤ-ጂኢ የተባለው የቶዮታ ሞተር የተገጠመላት ኮሮላ አለችው፤ ከተማ ውስጥ ይነዳታል፣ ዝግ ሜዳ ላይም ይወዳደርባታል። ባለፈው ሜዳውን ለአራተኛ ጊዜ ሲዞር፣ ረጅሙ የቀኝ መታጠፊያ ላይ የዘይት መብራቷ ብልጭ አለች፤ ጥቂት ቆይቶ ከሥር ማንኳኳት ተሰማ። ሞተሩ ሲፈታ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጋር ከሚያገናኙት ክንዶች፣ ከቢዬላዎቹ፣ የአንዱ ብሮንዚን ተልጦ ተገኘ፤ ብሮንዚን ቢዬላው በክራንክሻፍቱ ላይ የሚዞርበት ስስ የብረት ጉዝጓዝ ነው። አሁን ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስተን፣ ትልቅ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) እና ክብደቱ የቀለለ ፍላይዊል (በክራንክሻፍቱ ጫፍ የሚዞር ክብ ብረት) ገጥሞ በደቂቃ 8,000 ዙር ሊያስኬደው አስቧል። ገንዘቡ ግን ለሁሉም አይበቃምና «ከየትኛው ልጀምር ጋሼ?» ይለኛል።

ጋሼ ካልከኝ እኔም አንተ ልበልህ። ከዘረዘርካቸው ዕቃዎች አንዱም ሞተርህን የገደለውን ነገር አይነካም። ገዳዩን ራስህ ጽፈኸዋል፤ መብራቷ የበራችው መታጠፊያው ላይ ነው። መኪናዋ በፍጥነት ስትታጠፍ ዘይቱ በኮፓው (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ መምጠጫው በዘይት ፈንታ አየር ይስባል። ብሮንዚንና ክራንክሻፍትን የሚለያያቸው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ሲጠፋ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ፎርጅድ ፒስተን ብትገጥምም ሞተሩ እዚያው መታጠፊያ ላይ ይሞትብሃል፤ ልዩነቱ በውድ ዋጋ መሞቱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለኮፓው ይሁን። በመምጠጫው ዙሪያ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች ያሉት የብረት ሳጥን ይበየድበት፤ ዘይቱ ይገባል እንጂ አይወጣም። የግፊት መለኪያም ግጠም። ሞተሩ ሞቆ በየ1,000 ዙሩ 0.7 ባር ገደማ፣ ማለትም በ7,000 ዙር ወደ 5 ባር ማሳየት አለበት። የፋብሪካውን መብራት አትመን፤ እሷ የምትበራው ግፊቱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ለቀስተኛ እንጂ ዘበኛ አይደለችም።

ሁለተኛው ብር ለቢዬላ ቡሎን ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ የተቃጠልኩበት ነገር ነው። አዳማ ጋራዥ በከፈትኩ ሰሞን አሮጌ ቡሎን ለመቆጠብ ብዬ መልሼ አሰርኩ፤ ቢዬላው የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ወጣ። የደንበኛው ፊት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። የሞተርህ የፒስተን ጉዞ 77 ሚሊ ሜትር ነው። ፒስተኑ ከነፒኑና ከነፋሻው (ከነቀለበቶቹ) ግማሽ ኪሎ ቢሆን፣ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ቡሎኖቹን በ7,000 ዙር 14 ኩንታል፣ በ8,000 ዙር 18 ኩንታል በሚያህል ኃይል ይጎትታቸዋል። ለ1,000 ዙር ጭማሪ አራት ኩንታል ትከፍላለህ ማለት ነው። አዲሶቹን ቡሎኖች በቁልፍ ኃይል ብቻ አትሰር፤ ከመታሰራቸው በፊትና በኋላ ርዝመታቸውን በማይክሮሜትር ለካ፤ አምራቹ በጻፈው መጠን መለጠጥ አለባቸው። ቡሎን ሲቀየር የቢዬላው ትልቁ ቀዳዳ ክብነቱን ሊያጣ ስለሚችል ቶርኖ ቤት ወስደህ አስለካው። የብሮንዚኑ ክፍተት ከ0.04 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። ሐዋሳም አዳማም ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናቸው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በ18 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ሞተሩ የሚያቃጥለው አየር ስለሚቀንስ ፒስተኑን ከላይ የሚደቁሰው ኃይልም ይቀንሳል። ቡሎኑን የሚጎትተው ግን የፒስተኑ ክብደትና ፍጥነት ነው፤ ከፍታ አያቀልለትም። ስለዚህ እኛ ጋ የፋብሪካው ፒስተን፣ ስንጥቅና መቦርቦር ከሌለበት፣ ለ7,000 ዙር ይበቃሃል። ክራንክሻፍቱም እንዲሁ፤ በማግኔት ስንጥቁ ይታይ፣ ይወልወል፣ ሚዛኑ ይስተካከል።

ወደፊት ፎርጅድ ስትገዛ 12 በመቶ ገደማ ሲሊከን ያለበትን 4032 የተባለውን ቅይጥ ምረጥ። 2618 ይበልጥ ቻይ ነው፤ ሲሞቅ ግን ብዙ ስለሚለጠጥ ሰፊ ክፍተት ይጠይቃል፣ ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅም ያንኳኳል። ከተማ ለሚነዳ ሰው ይህ ጥቅም የለውም። ካምሻፍቱ መካከለኛ ይሁን፤ ከራሱ የቫልቭ ሞላ ጋር ግዛው። ፍላይዊሉን እርሳው።

ከመግጠምህ በፊት የተላጠው ብሮንዚን ስባሪ የት እንደገባ አስብ። የዘይት ቱቦዎቹ መድፈኛ ሁሉ ተፈትቶ በብሩሽ ይታጠብ፤ የዘይት ማቀዝቀዣ ካለህ ጣለው፣ ታጥቦ አይጠራም። ሞተሩ ተገጥሞ ሲያበቃ ካንዴላዎቹን አውጣና መለኪያው ግፊት እስኪያሳይ በሞተሪኖ አዙረው። ካንዴላ መልሰህ የምታስነሳው ከዚያ በኋላ ነው።