ዝንጅብሉም ይጠጣ፣ ክኒኑም ይዋጥ

ሰሞኑን የጎንደር ጠዋት ብርዱ ጠንከር ብሏል። ለዚህ ነው መሰለኝ፣ የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ቁርጥማትና ስለ ዝንጅብል ናቸው።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል። አክንባሎ ማንሳት አቅቶኛል፤ እስከ ሦስት ሰዓት አይፍታቱም። ሐኪም «የመገጣጠሚያ ብግነት ነው» ብሎ ሜቶትሬክሴት አዘዘልኝ። ሁለት ሳምንት ዋጥኩ፣ ለውጥ የለም። ጎረቤቶቼ ዝንጅብል ይበቃሻል ይሉኛል። ልተወው?

መልስ፦ እባክሽ እህቴ፣ እንዳትተይው። ያንቺን ሕመም ብርድ አላመጣውም። የሰውነትሽ በሽታ መከላከያ ተሳስቶ የራስሽን መገጣጠሚያ እያጠቃ ነው። ካልተገታ አጥንቱን ይበላዋል፤ አንዴ የተጣመመ ጣት ደግሞ በሻይ አይቃናም። ሜቶትሬክሴት ጥቃቱን የሚገታ መድኃኒት ነው፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ለውጡ እስኪታይሽ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ሁለት ሳምንት ምንም አይደለም።

ዝንጅብሉን አልከለክልሽም። ኢራን ውስጥ 70 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። በቀን 1.5 ግራም የዝንጅብል ዱቄት ለ12 ሳምንት የወሰዱት ሰዎች ሕመማቸው ቀለል ብሎላቸዋል። ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ ጥናት ነው፣ መድኃኒት ይተካልም አላለም።

አንድ ነገር አደራ ልበልሽ። ለዚህ በሽታ ሜቶትሬክሴት የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ከዋጥሽው ሕይወት ያጠፋል። ቀኑን ምረጪና ካርዱ ላይ ጻፊው፤ ለምሳሌ «ሰኞ» ብለሽ። የደም ምርመራሽንም አትዝለይ። አረቄም ይቅርብሽ፣ ጉበትሽን ይጎዳዋል።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ አባቴ የልብ በር ተቀይሮለት ዋርፋሪን ይወስዳል። ጉልበቱን ስለሚያመው ዝንጅብል አፍልቼ በቀን ሦስቴ ላጠጣው?

መልስ፦ በፍጹም፣ ሐኪሙን ሳታማክር አይሆንም። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ብዙ ዝንጅብል ሲጨመርበት መድማት ሊያመጣ ይችላል። ወጥ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ዝንጅብል አያሳስብህ። ድዱ ከደማ ወይም ሰገራው ከጠቆረ ግን ሳታድር ሆስፒታል ውሰደው።

ጥያቄ፦ ከቅዳሜ ገበያ እርጥቡን ልግዛ ወይስ ዱቄቱን? ስንት ልጠቀም?

መልስ፦ ሁለቱም ይሆናል። ዱቄቱ ከሆነ በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። እርጥቡ ከሆነ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህለውን ከትፈህ አፍላው። ጨጓራህን ካቃጠለህ ምግብ በልተህ ጠጣው፤ ካልተሻለህ ተወው።