ከደሴ ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ሰው ናፍጣው 520ዲ ያዋጣል ወይ?

ሰላም ለእርስዎና ለቡድኑ አባላት በሙሉ።

መኖሪያዎ ደሴ፣ ሥራዎ ኮምቦልቻ መሆኑን፣ አልፎ አልፎም አዲስ አበባ ደርሰው እንደሚመለሱ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. የ2012 ምርት የሆነ አውቶማቲክ ቢኤምደብሊው 520ዲ ስለቀረበልዎ የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፦ በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚባለው እውነት ነው ወይ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት እንዴት ይወጣዋል፣ ወይስ አርፌ ቤንዚን ኮሮላ ልግዛ። ይህንኑ ሞዴል እዚሁ ደሴ ላይ ለዓመታት ስለነዳሁት የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

የ20 ኪሎ ሜትሩ ወሬ መነሻ አለው። ፋብሪካው ለዚህ ሞዴል ያስመዘገበው ፍጆታ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ ሲገለበጥ በሊትር 20 ይመጣል። ነገር ግን ያ ልኬት የተወሰደው መኪናው ቤተ ሙከራ ውስጥ በሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ ቆሞ፣ ዳገትም ንፋስም ከፊት የሚያዘግም ሲኖትራክም በሌለበት ሁኔታ ስለሆነ፣ አውሮፓ ውስጥ ያሉት ባለቤቶችም ቢሆኑ በተግባር ያንን ያህል አያገኙም። በእኔ ልምድ ደሴ ከተማ ውስጥ ብቻ ሲነዳ በሊትር 9 ወይም 10 ኪሎ ሜትር፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ 11 አካባቢ፣ የሁለቱ ከተሞች ደርሶ መልስ ተደምሮ ሲታይ ከ14 እስከ 15፣ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ደግሞ እግር ካልከበደ 16 ገደማ ይሰጣል። ክብደቱ 1.7 ቶን ለሚጠጋ ሰፊ መኪና ይህ ትንሽ አይደለም። ታንኩ 70 ሊትር ስለሚይዝ፣ ከደሴ ሞልተው ከተነሱ አዲስ አበባ ደርሰው ሳይቀዱ መመለስ ይችላሉ፤ ማደያዎች ላይ ሰልፍ በሚበዛበት ሰሞን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሚቆጥበው ገንዘብ ይልቅ ይሄኛው ጥቅሙ ነው ጎልቶ የሚታየኝ።

ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን የፍጆታ ቁጥር ግን በጥንቃቄ ይመልከቱት። ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ በሊትር ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያሳይዎት ይችላል፤ ሻጮች ፎቶ አንስተው የሚለጥፉትም ይህንኑ ነው። ማርሽ ውስጥ እያለ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ ኢንጀክተሮቹ ሙሉ በሙሉ ይዘጋሉ፣ ሞተሩን የሚያሽከረክሩት ጎማዎቹ ይሆናሉ፣ ስለዚህ በዚያች ሰዓት የሚቃጠል ናፍጣ የለም። ሂሳቡ የሚወራረደው ማታ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ሰው የጫነውን ይህን መኪና 600 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ፣ የሞተሩን ብቃት አስበው ቢያሰሉት፣ 0.8 ሊትር አካባቢ ናፍጣ ይፈልጋል። ለመንገዱ ርዝመት የሚወጣው ከዚህ የተለየ ነው። ስለዚህ ታንኩን ጢም አድርገው ይሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ይመዝግቡ፣ በሚቀጥለው ሲሞሉ የገባውን ሊትር ያካፍሉ፤ ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ ግምት ነው።

ሐረጎን ስለመውጣቱ ብዙም አይጨነቁ። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከኃይሉ ሩብ ገደማውን እዚህ ያጣል፤ ናፍጣው ግን ቱርቦው የሳሳውን አየር እያመቀ ስለሚመግበው የሚያጣው ጥቂት ነው። ሞተሩ 2.0 ሊትር ሆኖ 184 የፈረስ ጉልበትና 380 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል አለው፤ ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ይህ ኃይል የሚገኘው በደቂቃ ከ2,000 ዙር በታች ጀምሮ መሆኑ ነው። ጠመዝማዛው ሲጀምር ስምንት ማርሽ ያለው ካምቢዮ አራተኛ ወይም አምስተኛ ላይ ይዞ፣ ዙሩ ከ2,000 ብዙም ሳያልፍ፣ ሞተሩ ሳያጓራ ይወጣል፤ ኤፍኤስአር ለመቅደም አጭር ቀጥ ያለ መንገድ ሲያገኙም ፔዳሉን መሃል ድረስ ብቻ መርገጥ ይበቃል። ቱርቦው ግን ሁሉን አይሸፍንም፤ ከ1,500 ዙር በታች ገና አየር ስላላመቀ፣ ወደ ጦሳ ተራራ ወገን በሚወጡት አቀበታማ የውስጥ መንገዶች ላይ ቆመው ሲነሱ ለአፍታ የመለገም ጠባይ ያሳያል። ያን ጊዜ አብዝተው ከረገጡ ድንገት ይወረወራል፤ ኃይሉ የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማዎች ስለሆነ ደግሞ በዝናብ ጊዜ ኮብልስቶን ላይ ይንሸራተታል። በሐምሌና በነሐሴ ጥሩ ጥርስ ያለው ጎማ ማሰር ግድ ነው።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር አየሩን አፍኖ ስለማይሠራ፣ ማርሽ ካልቀነሱለት በራሱ መኪናውን ብዙ አይዝም። ስለዚህ ዘንጉን ወደ ጎን ገፍተው በእጅ ወደሚቀየርበት በማስገባት፣ በሦስተኛ ማርሽ በ40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ፍጥነት ይውረዱ፤ ሞተሩ ወደ 2,000 ዙር ይይዝና ፍሬኑን መንካት የሚያስፈልግዎት ኩርባ ላይ ብቻ ይሆናል። ነዳጅ ይቆጥባል ብለው በፎሌ የሚወርዱ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን በፎሌ ሞተሩ ራሱን ለማዞር ናፍጣ ያቃጥላል፣ በማርሽ ሲወርድ ግን ምንም አያቃጥልም፤ ፍሬኑም ብቻውን ስለሚሸከም ይግላል። ከጭነት መኪናዎቹ የሚወጣውን የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ሐረጎ ላይ ያልሸተተው የደሴ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አነዳዱን በተመለከተ መሪው ትክክለኛ ነው፣ በኩርባ ላይ አካሉ አይዘምም፣ ከከሚሴ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው ሜዳ ላይ በ90 ወይም በ100 ሲሄድ የሞተሩ ድምፅ ይጠፋና የጎማ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከሸዋ ሮቢት በኋላ እስከ ጣርማበር ያለው ዳገት ከሐረጎ ሦስት እጥፍ ያህል ከፍታ ያለው ቢሆንም፣ እዚያም የሙቀት መለኪያው ከቦታው ፈቀቅ ሲል አላየሁም። የማይመቸው ከአስፋልት ሲወርዱ ነው። ከሥሩ እስከ መሬት ያለው ክፍተት 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አራት ሰው ጭኖ ከፍ ያለ የፍጥነት መቀነሻ ሲያልፍ የሞተሩን የታች ክዳን ያስፍቃል። አብዛኞቹ ከፋብሪካ የወጡት አየር ቢያልቅበትም መሄድ በሚችለው ጎማ፣ ያለ ትርፍ ጎማ ነው፤ ይህ ጎማ ግድግዳው ደረቅ ስለሆነ ጉድጓድ ሁሉ ወገብ ላይ ይሰማል። ተራ ጎማ ማሰርና ትርፍ ጎማ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ለእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጣል ወደምለው ልምጣ፤ እርሱም የጭስ ማጣሪያው ነው። ይህ መኪና ዲፒኤፍ የሚባል፣ ጥቀርሻን የሚይዝ ማጣሪያ አለው። ማጣሪያው ሲሞላ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ናፍጣ እየረጨ ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያደርስና ጥቀርሻውን ያቃጥለዋል፤ ለዚህም ሞተሩ ሞቆ ሳይቋረጥ ሃያ ደቂቃ ያህል መሄድ አለበት። ደሴ ውስጥ ከሰኞ ገበያ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ብቻ የሚመላለስ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም፤ ማጣሪያው ይደፈናል፣ ያልተቃጠለው ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል፣ የዘይቱ መጠንም ሳይጨምሩበት ከፍ ይላል። የእርስዎ መንገድ ግማሹ መጥፎ፣ ግማሹ እጅግ ጥሩ ነው። ጠዋት በደሴ ብርድ ተነስተው ቁልቁል ሲወርዱ ናፍጣ እምብዛም ስለማይቃጠል፣ ሞተሩ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ለብ ከማለት አያልፍም። ማታ ግን ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ዳገት ለማጣሪያው መድኃኒቱ ነው። ደሴ ሲደርሱ መኪናው በቆመበት የሞተሩ ዙር ከወትሮው ትንሽ ከፍ ካለ፣ የጋለ ብረት ሽታ ከመጣ፣ ወይም ፋኑ በኃይል የሚሠራ ከሆነ ማቃጠሉ አላለቀም ማለት ነውና ጥቂት ነድተው ያስጨርሱት እንጂ አያጥፉት። ማጣሪያውን ቆርጠው የሚያወጡ ጋራዦች አሉ፤ እኔ አልመክርም፤ የሚገዙትን መኪና ግን ወጥቶለት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፣ የማርሚታው ጫፍ በጥቁር ጥቀርሻ ከተሸፈነ መልሱን አገኙት ማለት ነው።

የናፍጣው ጥራትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። መኪናው የተሠራው አውሮፓ ውስጥ ለሚሸጠው፣ የድኝ መጠኑ ከሚሊዮን 10 እጅ ለማይበልጥ ናፍጣ ነው። ኢንጀክተሮቹ እስከ 1,800 ባር በሚደርስ ግፊት ስለሚረጩ፣ አይሱዙ የሚታገሠውን ውሃና ቆሻሻ እነዚህ አይታገሡም። ከመንገድ ዳር ጀሪካን ፈጽሞ አይቅዱ፤ ብዙ መኪና ከሚቀዳበት ማደያ ይቅዱ፤ የናፍጣ ፊልትሮውንም መመሪያው ከሚለው ቀደም አድርገው፣ በየ15,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀይሩ። የሞተር ዘይቱም ዲፒኤፍ ላለው ሞተር የተዘጋጀ፣ አመዱ አነስተኛ የሆነ ዓይነት መሆን አለበት። ካምቢዮው የዕድሜ ልክ ዘይት አለው የሚለውን አይቀበሉ፤ ካምቢዮውን የሚሠራው ዜድኤፍ ራሱ በየ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ይመክራል።

ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ያስመርምሩ። የዚህ ሞተር የሰዓት ካቴና፣ ማለትም ቫልቮቹን ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስማማው ሰንሰለት፣ ያለው ከኋላ፣ በካምቢዮው በኩል ስለሆነ፣ ለመቀየር ካምቢዮውን ወይም ሞተሩን ማውረድ ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 በተመረቱት ላይ ካቴናው ቶሎ መላላቱ በሰፊው የታወቀ ችግር ነው፤ የእርስዎ የ2012 መሆኑ ይረዳል እንጂ ዋስትና አይሆንም። ሁለተኛው የጭስ ማቀዝቀዣው ነው፤ ከውስጡ ውሃ አፍስሶ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2018 ከደቡብ ኮሪያ ጀምሮ በብዙ አገሮች መኪናዎቹን ለጥገና ጠርቷል። ጥሪው ተፈጽሞለት እንደሆነ በሻንሲ ቁጥሩ ያጣሩ፤ የራዲያተር ውሃው ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀንስ ከሆነ ነገሩን እዚያው ይተዉት።

ኮሮላውን በተመለከተ፣ ከደሴ ከተማ ብዙም የማይወጡ ቢሆን ኖሮ ያለማመንታት ኮሮላውን ይግዙ እልዎት ነበር፤ ዕቃው በየሱቁ አለ፣ የማያውቀው መካኒክ የለም፣ አጭር መንገድም አይጎዳውም። በናፍጣ የሚያተርፉትን የአንድ ዓመት ወጪ አንድ ኢንጀክተር ሊበላው እንደሚችልም ያስቡ። ነገር ግን በየቀኑ ሐረጎን የሚወጣና አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው፣ የመኪናው የጥገና ታሪክ የተጻፈ ከሆነና ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ካስቀመጠ፣ 520ዲው ያዋጣዋል ብዬ አምናለሁ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለከለከለ፣ ገበያ ላይ ያሉት ከሞላ ጎደል ቀደም ብለው የገቡ ናቸው፤ ስለዚህ የሚገዙት ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን የቀድሞውን ባለቤት አያያዝ ጭምር ነው።

መኪናውን ለማየት ሲሄዱ ሻጩ አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይንገሩት፤ በማለዳ ይድረሱና ኮፋኖውን ዳስሰው ቀዝቃዛ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ በፊትዎ ይነሳ፤ ከሞተሩ ኋላ፣ ከሹፌሩ እግር ወገን፣ የብረት መፋተግ የሚመስል ድምፅ መኖሩን ያዳምጡ። ቀጥሎ ኮምቦልቻ ወርደው ሽቅቡን ራስዎ ነድተው ይመለሱ፤ መካኒክም ከጎንዎ ኮምፒውተሩን ሰክቶ የዲፒኤፉን የጥቀርሻ መጠን ይመልከት። ሻጩ ቀዝቃዛውን አነሳስ ወይም የሐረጎን ሙከራ ካልፈቀደ ሌላ መኪና ይፈልጉ።