ፑንቲና ከተቀየረ በኋላ የሚተኩስ ሞተር

ጥያቄ፦ ባለ 2ኤፍ ሞተር የቆየ ላንድክሩዘር ፒካፕ አለኝ። ካንዴላና ፑንቲና ካስቀየርኩ ወዲህ ዳገት ላይ ጉልበት አጣ። ነዳጅ ጠንከር አድርጌ ስሰጠው በካርቡሬተሩ ይተኩሳል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ አልፎ አልፎ በማርሚታው። መካኒኩ «ካርቡሬተሩ ይፈታ» ይላል። ላስፈታው? አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ለጊዜው አያስፈቱት። ችግሩ የመጣው ፑንቲና በተነካ ማግስት ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሳቱ ነው። ፑንቲና እሳቱን ለካንዴላዎች በሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳት የሚያስነሳው መገናኛ ነው፤ ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል፣ ሲሰፋ ይቀድማል። ስለዚህ ፑንቲና የቀየረ ሰው ታይሚንጉንም (እሳቱ የሚደርስበትን ቅጽበት) ማስተካከል አለበት፤ ብዙ ጋራዥ ግን ይዘለዋል።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ያንሱ። የፑንቲናው እግር የካሙ (መሀል ላይ የሚዞረው ባለ ማዕዘን ዘንግ) ጫፍ ላይ ሲወጣ ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ይሁን። ካሙ ትንሽ ግራሶ ካልተቀባ እግሩ ቶሎ ይበላና ክፍተቱ ይጠባል። የካንዴላ ገመዶቹንም ይቁጠሩ፦ ሮተሩ (ክዳኑ ሥር እሳቱን የሚያድለው ተሽከርካሪ) በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፣ እሳት የሚደርስበት ተራ 1-5-3-6-2-4 ነው፣ 1ኛው ሲሊንደር በራዲያተሩ በኩል ያለው ነው። ሁለት ገመድ ቢቀያየር ሞተሩ በቀሩት አራቱ ይነሳል፤ ግን ቫልቭ ሳይዘጋ እሳት ስለሚደርስ ይተኩሳል።

ከዚያ ታይሚንጉ። 1ኛው ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (ቫልቮቹ ተዘግተው ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት) ላይ ሳለ ሞተሩን በእጅ እያዞሩ፣ በፍላይዊሉ (ከሞተሩ ኋላ ያለው ከባድ ጎማ) ቤት መስኮት የምትታየውን ትንሽ የብረት ኳስ ከጠቋሚው ትይዩ ያቁሙ። ይህ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ 7 ዲግሪ ሲቀረው ነው። የ12 ቮልት አምፖል አንዱን ገመድ ከቦቢናው (የእሳቱን ኃይል ከፍ ከሚያደርገው ጥቅል) ወደ ዲስትሪቢዩተሩ በሚሄደው ቀጭን ገመድ ተርሚናል፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ያስይዙ። ቁልፉን ከፍተው፣ የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ ብሎን አላልተው ዲስትሪቢዩተሩን አምፖሉ እስኪጠፋ በሰዓት አቅጣጫ፣ ቀጥሎ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ያዙሩት። አምፖሉ በበራበት ቅጽበት ብሎኑን ያጥብቁ። ቁልፉን ግን ከፍተው አይተዉት፣ ቦቢናው ይግላል።

እሳቱ ተስተካክሎም በካርቡሬተሩ መተኮሱን ካልተወ ቤንዚን አንሶታል። ሞተሩን አጥፍተው የኤር ፊልትሮውን ክዳን ያንሱና የነዳጅ መስጫውን ገፋ ያድርጉ፤ ቤንዚን ወዲያው ካልረጨ የካርቡሬተሩ ፓምፕ ደክሟል። ያኔ መካኒኩ ልክ ነው። ሲያስነሱት ፊልትሮው ይመለስ፤ የሚተፋው ነበልባል ነው። የማኒፎልድ (ከካርቡሬተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚወስደው ቱቦ) ዳዶዎች ከላሉም አየር ይገባና ያው ይሆናል። የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ሞቆ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.35 ሚሊሜትር ነው፤ የጠበበ ማስገቢያ ቫልቭ በደንብ ስለማይዘጋ እሳቱን ወደ ካርቡሬተሩ ይመልሳል።

የቁልቁለቱ ተኩስ ብዙ ጊዜ ከጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ነው። ጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መሀል ያለው ማሸጊያ) ከተበላ አየር ይስብና ያልተቃጠለው ቤንዚን እዚያው ይነዳል። መጋጠሚያው ላይ ጥቁር የጥላሸት መስመር ካዩ ቦታው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ዳገቱ ከከበደው ኮምፕሬሽን ያስለኩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል።