ብረቱን ያጡት ሁለት ሰዎች

ውድ የሥነ ምድር ተማሪዎች፣

ቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር የቆመ ወጣት «ይህን ጉድጓድ የፈጠረው ከሰማይ የወደቀ አለት ይሆን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አይደለም፤ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ በእንፋሎት ኃይል የፈነዳበት ነው። ጥያቄውን ግን አልንቀውም። አሜሪካ ውስጥ ከሰማይ የመጣውን የእንፋሎት ሥራ ነው ብሎ የደመደመ ታላቅ ሊቅ ነበርና።

አሪዞና ውስጥ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋትና 170 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አለ፤ ዙሪያውን የብረት ስብርባሪ ተበትኖበታል። እ.ኤ.አ. በ1891 ጂኦሎጂስቱ ግሮቭ ካርል ጊልበርት ሊመረምረው ሄደ። አመክንዮው ያስቀናል፦ የወደቀው ብረት ከሥር ተቀብሮ ከሆነ የኮምፓስ መርፌ ይዛባል፤ ብረቱ ቦታ ስለሚይዝ የጠርዙ ቁልልም ጉድጓዱን ሞልቶ ይተርፋል። መርፌው አልተዛባም፤ ቁልሉም አልተረፈም። ስለዚህ ግጭት አይደለም አለ። የሚገርመው፣ የጨረቃን ጉድጓዶች ግጭት ፈጠራቸው ብሎ የተከራከረውም ይኸው ሰው ነው!

ቀጥሎ የማዕድን መሐንዲሱ ዳንኤል ባሪንጀር መጣ። ብረቱ ከሥር አለ ብሎ ከ1903 ጀምሮ ሲያስቆፍር ኖሮ፣ ግዙፉን ብረት ሳያገኝ በ1929 ሞተ።

ስለ ጉድጓዱ አመጣጥ ልክ የነበረው ባሪንጀር ነው። እኔ ግን ሁለቱን ለይቼ አላያቸውም። የወደቀው አካል እንዳለ ይቀበራል የሚለውን ግምት ሁለቱም ሳይመረምሩ ተቀብለውታል። በሴኮንድ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ የሚምዘገዘግ ብረት መሬት ሲመታ ጉልበቱ ወደ ሙቀትና ወደ ኃይለኛ የግፊት ሞገድ ተለውጦ ይፈነዳል፤ አብዛኛው ቀልጦና ተንኖ ይበተናል። የጨረቃ ጉድጓዶች በአመዛኙ ክብ የሆኑትም ለዚህ ነው፤ አለቱ በሰያፍ ቢመጣ እንኳ ፍንዳታው ዙሪያውን ይገፋል።

ክርክሩን የቋጨው ጂኦሎጂስቱ ዩጂን ሹሜከር ብረቱን አልፈለገም፤ ግፊቱ በአለቱ ላይ የተወውን ምልክት እንጂ። በ1960 እርሱና ባልደረቦቹ በዚያው በአሪዞናው ጉድጓድ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ኮሳይት መኖሩን አስታወቁ። ኮሳይት እሳተ ገሞራ ከምድር ገጽ አጠገብ ሊፈጥረው በማይችል ግፊት የተጨመቀ ኳርትዝ ነው።

እናንተም ምርመራችሁ ባዶ ሲወጣ «የለም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፣ ቢኖር ኖሮ ምን መልክ ይኖረው እንደነበር፣ ይህንንም ከየት እንዳመጣችሁት በግልጽ አስፍሩ። አለቃችሁ ሪፖርቱን አሳጥሩ ቢላችሁ ከመግቢያው ቀንሱ፤ ግምታችሁን የያዘውን አንቀጽ ግን አትንኩ።