«ቴክኒክ ገባሁ» ብላችሁ አንገት አትድፉ

ልጆቼ፣

የ12ኛ ክፍል ውጤት እንዳሰባችሁት ያልሆነላችሁ አላችሁ። ዲግሪ ይዛችሁ «ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቼ ላሰልጥን ወይስ ሌላ ሥራ ልጠብቅ?» እያላችሁ የምታመነቱም አላችሁ። ይህን የምጽፈው ለሁለታችሁም ነው።

ኑሮዬ ደሴ ነው። ኮምቦልቻ እየወረድኩ ማሽኒንግ፣ ማለትም ብረት በማሽን መቅረጽ፣ ማስተማር ከጀመርኩ 28 ዓመት ሆነኝ። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ነው። ሐረጎ ላይ ብዙ ቀን ጉም ነው፣ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ ይላል። ኮምቦልቻ ስንደርስ ጃኬቱ ክንዴ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ስመላለስ የሰለቸኝ ቀን ብዙ አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ ደግሞ 5.4 በመቶ ነው። ታዲያ የቀረው ልጅ ሁሉ ሰነፍ ነው? በጭራሽ አልቀበልም። እኔ ጋ የሚመጡት ከዚያው ከቀሩት ውስጥ ናቸው፤ እጃቸውን አይቻለሁ።

አንዱን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ቤት ውስጥ ምን እንደተባለ አልጠየቅኩትም። የመጀመሪያ ልምምዳችን ሞረድ ነው። ቁራጭ ብረት ሞርሳ (ብረት ጨብጦ የሚይዝ ማሰሪያ) ላይ ይታሰራል፣ ገጹ ልክ እስኪሆን ይሞረዳል። ከዚያ ስኳድራ፣ ማለትም የማዕዘን መለኪያ፣ ታቆሙበትና ወደ መስኮቱ ታነሱታላችሁ። ብረቱ ልክ ካልሆነ በስኳድራው ስር የብርሃን ክር ሾልኮ ይታያል።

የሱ በሁለቱም ዳር ብርሃን ያስገባል። ሞረዱን ሲገፋ እጁ ይወዛወዛል፣ ስለዚህ ዳር ዳሩ ይበላል፣ መሀሉ ያብጣል። «ቲቸር፣ ለኔ አይሆንም» አለኝ። «አብሽር» አልኩትና ከኋላው ቆሜ ክርኑን ያዝኩለት። አብረን ገፋን፣ አብረን መለስን። በአራተኛው ቀን ስኳድራውን አንስቶ አየ። ገልብጦ አየ። በሰያፍም አየ። ብርሃን የለም። ከዚያ ዞሮ በዓይኑ እኔን ፈለገኝ።

ዛሬ እዚያው ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት፣ ብረት በሚያሽከረክር ማሽን የሚቀረጽበት ቤት፣ ከፍቶ ይሠራል። አንዳንዴ ለማጅ ልጅ ይልክልኛል፣ «መጀመሪያ ሞረድ አስይዝልኝ» እያለ።

ዲግሪ ይዛችሁ የምታመነቱት፣ ይህን ለእናንተም ብዬ ነው የነገርኳችሁ። ብዙ መቶ ተማሪ በተቀመጠበት አዳራሽ ቆማችሁ የማንን ክርን ትይዛላችሁ? እዚህ የእያንዳንዱን ልጅ እጅ ታውቃላችሁ። ጠዋት ያረማችሁትን ከሰዓት ብረቱ ላይ ታዩታላችሁ። ደመወዙ ትልቅ አይደለም፣ ይህን አልደብቃችሁም። ፋብሪካ የተሻለ ሲከፍለኝ ሄጄ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ማሽኑ ጥሩ ነበር፣ ሰዎቹም ጥሩ ነበሩ። ግን ያ ዞሮ የሚፈልገኝ ዓይን አልነበረም። ተመለስኩ።

አሜሪካኖች ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሉት ለኛ ኮሌጆች ቅርብ ነው። ሁለት ዓመት ተምረው ሥራ የሚገቡ አሉ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው የሚቀጥሉም አሉ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ባይደን ባለቤት ጂል ባይደን ቀዳማዊት እመቤት በነበሩበት ጊዜ እንኳ በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያስተምሩ ነበር። ቨርጂኒያ ያሉ የኛ ሰዎች «ኖቫ» የሚሉት ኮሌጅ ነው። ከታክሲ ሥራ ወጥቶ ማታ እዚያ የሚማር ዘመድ አለኝ። ስንደዋወል ስለ ክፍሉ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል።

እኛም የማታ ክፍል አለን። የማታዎቹን በጣም እወዳቸዋለሁ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ቀን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የዋለች ልጅ የስፌት ማሽኑን ጥገና ልትማር ትመጣለች። ማሽኑ ሲቆም ቆማ መጠበቅ ሰልችቷታል። እንዲህ ያለ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም፣ እኔንም ያስጠናኛል።

ችግር የለም አልላችሁም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ እኛም ተበትነን ነበር። ተመልሰን ስንገባ ከወርክሾፑ ብዙ ዕቃ የለም። ቆሜ ባዶውን ጠረጴዛ አየሁ፣ እንባዬ መጣ። በሳምንቱ አንድ ሰልጣኝ ከአባቱ ጋራዥ ሞርሳ ተሸክሞ መጣ። ያንን ሞርሳ ለ14 ልጅ በተራ አደረግነው።

አሁን ወደ ምዝገባው። ስሙን ብቻ ሰምታችሁ አትመዝገቡ። የደሴው ወይዘሮ ስህን ኮሌጅ ይሁን፣ የኮምቦልቻው ይሁን፣ ሌላም ይሁን፣ መጀመሪያ ሄዳችሁ ወርክሾፑን አሳዩን በሉ። ስንት ማሽን እንደሚሠራ ቁጠሩ። ለአንድ ማሽን ስንት ሰልጣኝ እንደሚደርስ ጠይቁ። በትብብር ስልጠና የት ፋብሪካ እንደሚልኩ ጠይቁ። ሥርዓቱ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይሁን ይላል። ፋብሪካ ሳይገባ የጨረሰ ልጅ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ላይ ይቸገራል። ቤተሰብ ቢቃወም ደግሞ አትጣሉ። አባታችሁን ይዛችሁ ኑና ወርክሾፑን አብራችሁ እዩ። ብዙ አባት ቶርኖው ሲዞር አይቶ ዝም ብሏል።

እኔ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ወርክሾፕ ውስጥ ነኝ። ቱታ ልበሱ፣ እጅጌያችሁን ሰብስቡ፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ሞረዱን እኔ እሰጣችኋለሁ።